የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንቶችን ምርምር እንዴት እንገምግም? ከሀ እስከ ፐ

የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በየጤና ሳይንስ ኮሌጁ ሪፖርት ይጠየቃል። ከሪፖርቱ ጋር ደግሞ ያቺ የታወቀች ሰንጠረዥ ትመጣለች። ዲፓርትመንቶች ከላይ እስከ ታች ይደረደራሉ፣ አጠገባቸው ያሳተሙት ጽሑፍ ብዛት ይቀመጣል። የኅብረተሰብ ጤና አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ማደንዘዣና አናቶሚ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህች ሰንጠረዥ ስለ ምርምሩ የምትነግረን ነገር ጥቂት ነው፣ ጉዳቷ ግን ብዙ ነው፤ በእሷ ተመሥርቶ ገንዘብ ይከፋፈላል፣ አንዱ ይመሰገናል፣ ሌሊቱን ሙሉ ኦፕሬሽን ክፍል ያደረው ሐኪም ደግሞ «ምርምር የማይሠራ» ይባላል።

ይህን የምጽፈው ለምርምር ዳይሬክተሮች፣ ለዲፓርትመንት ኃላፊዎችና ድንገት «የግምገማ ኮሚቴው አባል ነህ፣ ነሽ» ለተባሉ ሰዎች ነው። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ኤክሴል፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል። ከሁሉም በላይ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አንድን ዲፓርትመንት ከራሱ ትናንትና ጋር፣ እንዲሁም በሌላ ቦታ ካለ የሙያ አቻው ጋር አወዳድሩት እንጂ ጎረቤቱ ካለው ሌላ ሙያ ጋር አታጋጩት።

1. መጀመሪያ «ለምን?» የሚለውን ጻፉ

ማንም ቁጥር ሳይሰበስብ ኮሚቴው ዓላማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የምርምር በጀት ለመደልደል ነው? ድጋፍ የሚያስፈልገውን ዲፓርትመንት ለመለየት ነው? አዲስ የዶክትሬት ፕሮግራም ለመክፈት አቅም እንዳለ ለማየት ነው? ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው መረጃ ይለያያል። ድጋፍ ለማድረግ ከሆነ ዋናው ጥያቄ «ስንት አሳተሙ?» ሳይሆን «ምን ከለከላቸው?» ነው፣ ይሄንን ደግሞ ኤክሴል አይመልስም።

ዓላማው የግለሰቦች የማዕረግ ዕድገት ከሆነ ግን እዚህ ላይ አቁሙ። የዲፓርትመንት ግምገማ ለአንድ ሰው መመዘኛ አይሆንም። ሁለቱን ያቀላቀለ ኮሚቴ ትክክለኛ መረጃ አያገኝም፤ መምህራኑም ዝርዝራቸውን ሲሰጡ ራሳቸውን ለመከላከል እየተጠነቀቁ ነው የሚሰጡት።

2. ማን የየትኛው ዲፓርትመንት ነው?

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ስህተት የሚገባው እዚህ ነው። ከሰው ሀብት የሚመጣውን ዝርዝር እንዳለ አትቀበሉ፤ ከዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስም በስም አጣሩ። ለትምህርት ውጭ ያሉት፣ ከሥራ የለቀቁት፣ በሁለት ዲፓርትመንት የሚያስተምሩት ምን ይደረጋሉ? ደንቡን አስቀድማችሁ ወስኑና ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጉት። ውጭ አገር ዶክትሬቱን እየሠራ ያለ መምህር የእናንተን ተቋም ስም ጽፎ ካሳተመ ጽሑፉ ይቆጠር፣ ግን ለብቻው ምልክት ይደረግበት፤ ዲፓርትመንቱ ግቢ ውስጥ የሠራው ምርምር ስላልሆነ። የሬዚደንቶች (ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች) እና የማስተርስ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ታትሞ ከሆነም እንዲሁ። የኅብረተሰብ ጤና ከላይ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ በየዓመቱ ብዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማስመረቁ ነው፣ ይሄ ደግሞ በሰንጠረዡ ላይ መታየት አለበት።

ቀጥሎ ጊዜን ቁጠሩ። ይህን አትዝለሉ። ሁለት ዲፓርትመንቶች አሉ እንበል፣ እያንዳንዳቸው 12 መምህር አላቸው። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሐኪሞቹ ከሥራ ጊዜያቸው ለምርምር የሚተርፋቸው 10 በመቶ ብቻ ነው። ሌላው የኅብረተሰብ ጤና ነው፤ 40 በመቶ አላቸው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና 1.2 የሙሉ ጊዜ ተመራማሪ አለው፣ ሌላው 4.8። በዓመቱ ቀዶ ሕክምና 6 ጽሑፍ፣ የኅብረተሰብ ጤና 18 ጽሑፍ አሳተሙ። በሰው ስናካፍል 0.5 እና 1.5 ይሆናል፣ ቀዶ ሕክምና በሦስት እጥፍ ተበለጠ። ለምርምር ባገኙት ጊዜ ስናካፍል ግን 5 እና 3.75 ይሆናል። ማን ሰነፍ ነበር አሁን?

የጊዜውን መቶኛ ከየት እናገኛለን? ከማስተማር ጭነት ቅጽ፣ ከተረኛ መርሐ ግብርና ከዲፓርትመንት ኃላፊው። ግምት መሆኑ አይቀርም፣ ግን «ሁሉም እኩል ጊዜ አለው» ከሚለው ግምት በጣም ይሻላል።

3. ዘመኑን አስተካክሉ

አንድ ዓመት አትዩ። በዓመት 5 ወይም 6 ጽሑፍ የሚያወጣ ትንሽ ዲፓርትመንት ላይ ሁለት ሰው ለትምህርት ከሄደ ቁጥሩ ገደል ይገባል፣ ያ ስለ አቅሙ ምንም አይናገርም። ቢያንስ የአምስት ዓመት መረጃ ውሰዱ።

ከዚያ የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ አለ። የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የታተሙ ጽሑፎችን የሚመዘግቡት የኢንተርኔት ዳታቤዞች የሚያውቁት ደግሞ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን ነው። ለምሳሌ የ2016 በጀት ዓመት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ይሸፍናል። አንዱ ዲፓርትመንት በእኛ፣ ሌላው በእነሱ ከቆጠረ አንድ ጽሑፍ ሁለት ዓመት ላይ ይገባል ወይም ከሁለቱም ይጠፋል። የእኔ ምክር፦ ለግምገማው በፈረንጆቹ ዓመት ሥሩ፣ ለሚኒስቴሩ ሪፖርት ስታደርጉ ብቻ ቀይሩ። አንድ ጽሑፍ መጀመሪያ ኦንላይን የወጣበትን ቀን ያዙ፣ የጆርናሉ ቅጽ የወጣበትን አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ወራት ሊኖር ይችላል።

4. ዝርዝሩን ሰብስቡ፣ ስሞቹንም ፍቱ

ከአንድ ምንጭ ብቻ አትሰብስቡ። ፐብሜድ ነፃ ነው፣ ለክሊኒካል ሥራ ጠንካራ ነው፣ ግን ብዙ የማኅበራዊ ሳይንስና አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ጥናቶች ያመልጡታል። ስኮፐስ ሰፋ ያለ ነው፣ ክፍያ ግን ይጠይቃል። ጉግል ስኮላር ሁሉንም ይለቅማል፣ ስለዚህ ቆሻሻውንም ይለቅማል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ኦፕንአሌክስ ነፃ ነው፣ ዝርዝሩንም ወደ ኤክሴል ማውረድ ይቻላል፤ በጀት ለሌለው ቢሮ ከእሱ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። በአገር ውስጥና በአፍሪካ ጆርናሎች የወጣውን ለማግኘት ደግሞ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይንን እዩ። ቢያንስ ከሁለት ምንጭ አውርዱ፣ በዲኦአይ (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ በሚሰጠው መለያ) ቁጥር አገናኙ፣ ድግግሞሹን አጥፉ።

አሁን ወደ ስም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ዳታቤዞቹ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳሉ። አንዲት ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት ስም፣ ሌላው ላይ ሦስት ስም ከጻፈች አንዴ በአባቷ፣ አንዴ በአያቷ ስም ትመዘገባለች። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናት። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ፤ ጸሐይን፣ ኃይሌን፣ ጌጤን በስንት መንገድ እንደምንጽፍ እናውቃለን። በተቃራኒው ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ ከበደ የሚል የአባት ስምና አንድ ፊደል ብቻ የተጻፈላቸው ብዙ ሰዎች አንድ ላይ ተጨፍልቀው ይገኛሉ።

የተቋም ስምም ያው ነው። ጥቁር አንበሳ ውስጥ የሚሠራ ሰው አንዴ የሆስፒታሉን፣ አንዴ የሕክምና ትምህርት ቤቱን፣ አንዴ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ስም ብቻ ይጽፋል። ጅማም እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በራሱ ስም ነበር የሚታወቀው። ስለዚህ የተቋሙን የተለያዩ አጻጻፎች በሙሉ በአንድ ገጽ ዘርዝሩና በሁሉም ፈልጉ።

ለወደፊቱ መፍትሔው ኦርኪድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ነፃ መለያ። ማውጣቱ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ክፍሉን ክፈቱና ሁሉም መጥቶ ያውጣ፣ የቀደሙ ጽሑፎቹንም ያያይዝ። በሚቀጥለው ግምገማ ሥራችሁን በግማሽ ይቀንሰዋል ብል ማጋነን አይደለም። ለጊዜው ግን ዝርዝሩን ለባለቤቶቹ ልካችሁ «የእኔ ነው፣ የእኔ አይደለም» እንዲሉ ማድረግ ግዴታ ነው።

5. አጽዱ

ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሁሉ ምርምር አይደለም። ዋና ጥናት፣ የጥናቶች ጥንቅር፣ የአንድ ሕመምተኛ ሪፖርት፣ ለአዘጋጁ የተጻፈ ደብዳቤና የጉባኤ አጭር መግለጫ ለየብቻ ዓምድ ይኑራቸው። ስትቆጥሩ አትደባልቋቸው። የአንድ ሕመምተኛ ሪፖርትን ግን አትናቁ፤ ለቀዶ ሕክምናና ለቆዳ ሕክምና ትልቅ የመማሪያ መንገድ ነው።

ከዚያ ገንዘብ ተቀብለው ያለ በቂ ግምገማ የሚያትሙትን፣ ፕሪዳተሪ የምንላቸውን ጆርናሎች ለዩ። አንድ ዝርዝር ይዞ መፍረድ አያዋጣም፤ የእነዚህ ጆርናሎች ታዋቂ ዝርዝር የነበረው የቢል ዝርዝር ራሱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ተዘግቷል። እንደዚህ እዩ፦ አዘጋጆቹ እነማን ናቸው፣ በእርግጥ አሉ? ጽሑፉ ገብቶ በስንት ቀን ተቀባይነት አገኘ? ለአንባቢ በነፃ ክፍት የሆኑ ጆርናሎች ማውጫ (DOAJ) ውስጥ አለ? ፐብሜድ ውስጥ ገብቷል? አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ ጸሐፊውን አታዋርዱ። ብዙ ወጣት መምህራን እዚያ የሚገቡት የዕድገት ቀነ ገደብ ስለሚያስጨንቃቸውና ደህና ጆርናሎች የሚጠይቁትን የሕትመት ክፍያ መክፈል ስለማይችሉ ነው። ጽሑፉን ከቆጠራው አውጡ፣ ምክንያቱን ለጸሐፊው ለብቻው ንገሩት፣ ከቻላችሁም ለሕትመት ክፍያ የሚሆን ትንሽ ፈንድ አቋቁሙ።

ከታተሙ በኋላ በጆርናሉ የተሰረዙ ጽሑፎችንም አጣሩ። የሪትራክሽን ዎች ዳታቤዝ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው።

6. እንዴት ነው የምትቆጥሩት?

ሁለት መንገድ አለ። በሙሉ ቆጠራ አንድ ሰው ስሙ ካለበት ጽሑፉ አንድ ነው። በክፍልፋይ ቆጠራ ጽሑፉ ለጸሐፊዎቹ ይከፋፈላል። አምስት ጸሐፊ ካለውና ሁለቱ የእናንተ ከሆኑ 0.4 ታገኛላችሁ።

ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ (የዓለምን የበሽታ ጫና የሚለካው) ጥናት ላይ ከኢትዮጵያ ብዙ ተመራማሪዎች ይሳተፋሉ። ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የሚወጡት ጽሑፎቹ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ጸሐፊ አላቸው፣ በዓለም ላይም እጅግ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። አንድ ሰው በዚህ ጥናት መሳተፉ ጥሩ ነው። ግን አንድ ዲፓርትመንት ሁለት እንደዚህ ዓይነት ተሳታፊ ካለው በሙሉ ቆጠራ የሳይቴሽን (ጽሑፉ በሌሎች የተጠቀሰበት) ቁጥሩ ሰማይ ይነካል፣ ቤት ውስጥ ላብራቶሪ ያቋቋመው ጎረቤቱ ግን ጭራሽ አይታይም። በክፍልፋይ ከሄዳችሁ ሺህ ጸሐፊ ያለው ጽሑፍ 0.001 ነው። ሁለቱንም ቆጠራ ጎን ለጎን አሳዩ። በሦስተኛ ዓምድ ደግሞ የእናንተ ሰው የመጀመሪያ፣ የመጨረሻ ወይም ተጠሪ (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፍ) ጸሐፊ የሆነባቸውን ጽሑፎች ቁጠሩ። ምርምሩን ማን እንደመራው የሚነግራችሁ ይህ ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ እኔ አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ያለ ሥራ ስም ማስገባትም አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም መረጃ ላይ መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁም ነገር ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም ናቸው የሚያስፈልጉት። ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ስሙ የገባ ሰው አያሟላም።

7. ሳይቴሽን ላይ ቸኩላችሁ አትፍረዱ

መጀመሪያ ኢምፓክት ፋክተርን ተዉት። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በዚህ ዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ነው የሚያሳየው፤ የጆርናል መለኪያ ነው፣ የእናንተን ጽሑፍ አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው ዶራ የተባለው መግለጫም ለግለሰብ ጽሑፍ መመዘኛ አታድርጉት ይላል።

ኤች-ኢንዴክስንም ለዲፓርትመንት አትጠቀሙበት። ፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ለግለሰብ ነበር። ጽሑፎቻችሁ 10፣ 8፣ 5፣ 4 እና 3 ጊዜ ከተጠቀሱ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 4 ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች አሏችሁና። ችግሩ ቁጥሩ አይወርድም፤ አዛውንት ፕሮፌሰር ያለው ዲፓርትመንት ምንም ሳይሠራ ይበልጣል፣ በወጣቶች የተሞላው ቢሮጥም አይደርስበትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እያንዳንዱን ጽሑፍ ከዘርፉ አማካይ ጋር አወዳድሩ። በአንድ ዘርፍ፣ በአንድ ዓመት የወጡ አንድ ዓይነት ጽሑፎች በዓለም ላይ በአማካይ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? የእናንተን በዚያ አካፍሉት። የኅብረተሰብ ጤና ጽሑፋችሁ 12 ጊዜ ተጠቅሶ የዘርፉ አማካይ 8 ከሆነ ውጤቱ 1.5 ነው። የቀዶ ሕክምና ጽሑፋችሁ 3 ጊዜ ብቻ ተጠቅሶ አማካዩ 2 ከሆነ ውጤቱ ያው 1.5 ነው። እኩል ናቸው! ያለዚህ ስሌት ዲፓርትመንቶችን በጥሬ ሳይቴሽን ማወዳደር ቡናና ጤፍን በኩንታል ብቻ መዝኖ ባለ ቡናውን ሰነፍ እንደማለት ነው። ስኮፐስም ኦፕንአሌክስም ይህን ቁጥር አስልተው ስለሚያቀርቡ እጃችሁን ማድከም የለባችሁም።

አማካይም ያታልላል። አምስት ጽሑፎች 0፣ 1፣ 2፣ 3 እና 94 ጊዜ ቢጠቀሱ አማካዩ 20 ነው፣ መሀል ላይ የሚውለው ግን 2 ነው። ሁለቱንም ጻፉ። ከዘርፉ ምርጥ 10 በመቶ ውስጥ ስንት ጽሑፍ እንደገባም ጨምሩ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ጽሑፎች ከሳይቴሽን ስሌቱ አውጡ፣ ለመጠቀስ ጊዜ አላገኙማ።

8. ዳታቤዝ ውስጥ የሌለውን ፈልጉ

እኔ ብዙ ጊዜ እንዲሰጠው የምፈልገው ለዚህ ክፍል ነው። የሕክምና ምርምር መጨረሻው ሕመምተኛው ነው። የአገር ውስጥ የሕክምና መመሪያ የቀየረ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የእናቶችን ሞት የቀነሰ ጥናት ሳይቴሽኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኤችአይቪ ያለባቸው የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ሕሙማን በመተማና በሁመራ ቆላ ለዓመታት ሲሞቱ ኖረዋል፣ መድኃኒቱ ራሱ ይጎዳቸው ነበር። በጎንደርና በአብዱራፊ ሁለት መድኃኒቶችን፣ አምቢሶምንና ሚልቴፎሲንን፣ አጣምሮ የፈተነ ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ጥምሩን ሕክምና በመመሪያው አስገባ። ይህን በጽሑፍ ብዛት ብትቆጥሩት እንደማንኛውም ጽሑፍ አንድ ነው።

የረጅም ጊዜ የመረጃ ጣቢያዎችም አሉ። ቡታጅራ፣ ዳባት፣ ግልገል ጊቤና ቀርሳ ላይ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ለዓመታት መመዝገብ ራሱ ትልቅ የምርምር ውጤት ነው፤ በዚያ መረጃ ስንቱ ተመረቀበት። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ዲፓርትመንት ለዚህ ዕውቅና ይገባዋል።

የአገር ውስጥ ጆርናሎችን አታሳንሱ። የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣል፤ የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናልም አለ። ለወረዳው ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው እዚያ የወጣው ጥናት ነው። እነሱን ማዘጋጀትና ለእነሱ መገምገምም ሥራ ነው፣ መዝግቡት።

እያንዳንዱ ዲፓርትመንት በአምስት ዓመት ውስጥ የሚኮራባቸውን ሦስት ሥራዎች ራሱ ይምረጥ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ምን ተሠራ፣ ማን ተጠቀመበት፣ ማስረጃው የት አለ። ማስረጃው የመመሪያ ገጽ፣ የጤና ቢሮ ደብዳቤ ወይም የሆስፒታል መዝገብ ሊሆን ይችላል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረጉት አገር አቀፍ የምርምር ግምገማ ከጠቅላላው ነጥብ 25 በመቶውን የሰጡት ለእንዲህ ዓይነቱ ተጽእኖ ነው፣ ለሕትመቶች 60፣ ለምርምር አካባቢው 15። መጠኑን መቅዳት አያስፈልግም፣ ሐሳቡ ግን ይጠቅማል።

9. የሙያው ሰው ያንብብ

ቁጥሩ ጥያቄ ያነሳል፣ መልሱን ሰው ነው የሚሰጠው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የዚያው ሙያ ሰዎች ጋብዙ፤ የማደንዘዣን ሥራ የማደንዘዣ ሰው ያንብበው። ዲፓርትመንቱ የመረጣቸውን ሥራዎች አንብበው፣ ቁጥሮቹን አይተው፣ ከወጣት መምህራኑ ጋር ኃላፊው በሌለበት ይነጋገሩ። ምርምሩን የሚያስረው ምን እንደሆነ የምታውቁት ከዚያ ውይይት ነው፦ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ለወራት ይዘገያል፣ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ጉምሩክ ላይ ይቀራል፣ የስታትስቲክስ ባለሙያ የለም፣ ግዢው አያልቅም።

10. ሪፖርቱ

ደረጃ አታውጡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መጨረሻ የሚል አይኑር። ለእያንዳንዱ ዲፓርትመንት ሁለት ገጽ ይበቃል፦ የአምስት ዓመቱ አካሄድ፣ ከዘርፉ አማካይ አንጻር ያለበት ቦታ፣ ሦስቱ የተመረጡ ሥራዎች፣ የተጋበዙት ባለሙያዎች አስተያየት፣ ሊፈቱ የሚገባቸው እንቅፋቶችና ማን እንደሚፈታቸው።

ረቂቁን ከአመራሩ በፊት ለዲፓርትመንቱ ላኩና ሁለት ሳምንት ስጡት። ያልተቆጠረ ጽሑፍ ካለ ያሳይ፣ በስህተት የገባ ካለ ያውጣ። ተቃውሞ ከመጣ በጽሑፍ ይምጣ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሂድ።

የኤክሴል ፋይሉን፣ የተቋሙን ስም አጻጻፎች ዝርዝርና በየደረጃው የወሰናችሁትን ደንብ አንድ ላይ አስቀምጡ፣ ቅጂውንም ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ። ኮሚቴው ይቀየራል፣ ኮምፒውተርም ይበላሻል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው ቡድን በዚያው ደንብ መቁጠር ካልቻለ የትኛው ዲፓርትመንት እንደተሻሻለ ማወቅ አይችልም።